የዶክተር ሙሴ ጥፋት

ዶክተር ሙሴ የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። በዚያው ዕለት፣ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት በፊት ተቀበሩ። እኔ የሰማሁት ረቡዕ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ የሞት ወሬ በስልክ የድምፅ መልእክት ከተማውን ለመዞር ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም፤ እኔ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን የፈጀው ስልኬን አጥፍቼ፣ ሰዎች ስህተታቸውን ማመን ለምን እንደሚያቅታቸው የሚተች መጣጥፍ እየጻፍኩ ስለነበር ነው። መጣጥፉ ጥሩ ነበር። አላወጣሁትም።

ወሬውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። መኪናውን እያስነሳ፣ «ያ የወፍ ዶክተርህ ሞተ እኮ፣ አልሰማህም? አላህ ይዘንለት» አለኝ።

የወፍ ዶክተር። ሰውየው አርባ ዓመት ያህል ግመል፣ በግና ፍየል ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። በርበራ ወደብ ላይ ስንት መንጋ መርከብ ከመግባቱ በፊት በእጃቸው አልፏል። በሕይወታቸው ያከሟት ወፍ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም አሁን ይህን ስጽፍ መስኮቱ ላይ ቆማ የብዕሬን ክዳን እየፈለፈለች ነው። ከተማው ግን አርባውን ዓመት ትቶ ወፏን ያዘ። እንዲይዝ የተውኩት እኔ ነኝ።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም። አባቴ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ እኔ ያደግኩት ናዝሬት፣ እናቴ ዘንድ፣ በአማርኛ ነው። አርባን ካለፍኩ በኋላ ተርጓሚ ሆኜ ወደዚህ መጣሁ። የምኖረው ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር፣ ብቻዬን ነው። ሶማሊኛዬ ለመገበያየት ይበቃል፣ ለመከራከር አይበቃም፤ ይህም ለጎረቤቶቼ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሲገጥመኝ ካልተቃወምኩ አይሆንልኝም። በቀቀኗም ቤቴ የገባችው በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ነው።

ከአጥሬ ማዶ ከዓረብ አገር ተመልሶ የመጣ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሁለት ዓመት ሞክረው መልሰው ሄዱ። ዘበኛው ጋር የተዉት አንድ የተበላሸ ፍሪጅና አንዲት በቀቀን ነው። ግራጫ ናት፤ ጅራቷ ቀይ። ዘበኛው የሚበላውን ያካፍላት ነበር፤ ፓስታና ሻይ በወተት። ክፉ ሰው አልነበረም። ደረቷ ላይ ግን አንድ ላባ አልቀረም፤ ራሷ ነቅላ ጨርሳዋለች። ቆዳዋ ለድስት የተዘጋጀ ዶሮ ይመስላል።

ዘበኛው አርብ ከሶላት በኋላ የሽቦ ቤቷን ከፍቶ እንደሚለቃት አስታወቀ። «አላህ የፈጠራት ለመብረር ነው» አለ። ሰፈሩ ሁሉ ተስማማ፤ አንዲት ሴት እንባዋ መጣ። ችግሩ የክንፏ ላባ መቆረጡ ነው፤ አጥሩ ላይ ደግሞ ቁራዎች ተደርድረው አርብን ይጠብቃሉ። ስለ ነፃነት ሲነገር ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ወደ አጥሩ ቀና ብሎ ቁራዎቹን የሚያይ ሰው አይገኝም። ባለችኝ ሶማሊኛና በእጄ ምልክት ተከራከርኩ። አሸነፍኩም። ሽልማቴ ከነሽቦ ቤቷ ሳሎኔ መሃል ተቀመጠች።

ከዚያ በፊት ድመት እንኳ አሳድጌ አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ነክሳ ደም አወጣችኝ። ስገባ ጥግ ትይዛለች፤ ስወጣ ላባዋን ትነቅላለች። የሰጠኋትን እህል ትበትነዋለች እንጂ አትበላውም። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው በቀቀን መያዝ አልነበረበትም። ቢሮ ስጠይቅ «ሙሴ ጋ ውሰዳት፣ ሌላ ማን አለ» ተባልኩ።

መድኃኒት ቤታቸው ከከብት ገበያው መንገድ ዳር ነው። ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት አርብቶ አደሮች በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ዶክተሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸው ታጥቦ ታጥቦ ሊበጣጠስ ደርሷል፤ አንድ ቁልፍ ግን አልጎደለበትም። አማርኛቸው ደብረ ዘይት ሲማሩ የያዙት ነው፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ አላደሱትም። ከሰላምታችን ጀምሮ «ጓድ» ይሉኝ ነበር፣ እየቀለዱ ይሁን አይሁን ለይቼ አላወቅኩም። እኔ «እርስዎ» ስላቸው ደግሞ፣ «ሶማሊኛ አንቱ አያውቅም፣ አንተ በለኝ» ይላሉ። አንድ ቀንም አልቻልኩም።

የሽቦ ቤቱን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ አርብቶ አደሮቹ ተነሥተው ከበቡን።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«በቀቀን ናት፣ ዶክተር።»

«እሱን ዓይኔ አይቶታል። እኔ ዘንድ ምን ትሠራለች?»

«ታማለች።»

«ስማ ጓድ፣ እኔ የተማርኩት አራት እግር ያለውን ነው። ይቺ ሁለት ጎድሏታል።» በሶማሊኛ ሲደግሙት አርብቶ አደሮቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ መነጽራቸውን ጠርገው ጎንበስ አሉባት።

በወደቡ ኳራንቲን እንስሳት ይመረምሩ ከነበረበት ዘመን የተረፈ የእንግሊዝኛ ፎርም ነበራቸው። ግመል፣ ከብት፣ በግ፣ ፍየል እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ «አዘር» የሚል ሣጥን አለው፤ «ሌላ» ማለቱ ነው። እሱ ላይ ምልክት አደረጉ። «በአርባ ዓመት ይህን ሣጥን ስነካው የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «ስሟ ማን ነው?» ስም እንዳላወጣሁላት ነገርኳቸው። «እንግዲያው አዘር ናት።» አዘር ሆና ቀረች።

ከዚያ እኔን መመርመር ጀመሩ። ልማዳቸው ነው። እንስሳውን ከመንካታቸው በፊት ያመጣውን ሰው ይጠይቃሉ፤ አንዱኑ ጥያቄ በሦስት መልክ እየገለባበጡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ግመል ዋሽቶኝ አያውቅም። በግም ዋሽቶኝ አያውቅም። ሲዋሸኝ የኖረው ገመዱን የያዘው ነው። ምን እንዳበላት ይደብቀኛል፣ ከማን መድኃኒት እንደገዛ ይደብቀኛል፣ ከዚያ ሞተችብኝ ብሎ እዚህ ደጅ ያለቅሳል።»

ያዘዙኝ ጥቂት ነገር ነው። ክብደቷ በሳምንት ሁለት ቀን ይለካል። ከራሴ ማዕድ ምንም አላጎርሳትም፣ «ዘበኛው ሊገድላት የደረሰው በደግነት ነው» አሉ። አላፈጥባትም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አምስት ጠብታ የግመል ወተት።

«እኛ ቤት ዘጠኝ ልጆች ነበርን» አሉ። «ኩፍኝ ገባ፣ ድርቅ ገባ። ሁላችንንም በእግራችን ያቆመን እሱ ነው።»

በዚህ ከተማ ለስኳር በሽታ፣ ለጉበት፣ ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠው መልስ የግመል ወተት ነው። በሁሉም ነገር የምከራከረው እኔ በወተቱ ላይ አልተከራከርኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

የእሳቸው ሚዛን በግ የሚንጠለጠልበት ነው። አዘርን በጨርቅ ጠቅልለን ብንሰቅላት መርፌው ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ ጥቂት አሰቡና ጋዋናቸውን አወለቁ። «ተከተለኝ» ብለው መሃል ከተማ፣ ወርቅ ሻጮቹ ዘንድ ወሰዱኝ።

ወርቅ ሻጮቹ ሴቶች ናቸው። መንገድ ዳር በጃንጥላ ሥር፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አምባርና ሐብል ደርድረው ይቀመጣሉ። ዶክተሩ የሚያውቋት ሂንዳ የምትባለዋን ነው፤ የአባቷን በጎች ያክሙ ነበር። ልጅነቷን በስደት ጅጅጋ አካባቢ ስላሳለፈች አማርኛ ታውቃለች፣ በተለይ የሚያቆስለውን። የሽቦ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስንት ካራት ናት?» አለች።

«ንገሪን ብለን ነው የመጣን» አሉ ዶክተር ሙሴ።

«ወላሂ፣ ደረቷን ሳየው ወርቋን የተነጠቀች ሙሽራ ትመስላለች።» ይህን እያለች ግን በእጇ የሚዛኑን ሳህን በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍን ነበር። አዘር እንደ ጨቅላ ተጠቅልላ ተቀመጠች። ሦስት መቶ ሰባ አንድ ግራም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜና ማክሰኞ እሷን ማስመዘን የሦስታችን ሥራ ሆነ። ጎረቤት ሴቶች እንደ ዕለቱ የወርቅ ዋጋ፣ «ዛሬ ስንት ገባች?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሦስት መቶ ሰባ አራት። ሦስት መቶ ሰማንያ። በመሃሉ ተቅማጥ ጀምሯት ነበር፤ ዶክተሩ አዲስ እህል አልለመደችም ብለው አለፉት።

አንዳንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቤቴ ይመጡና ለአዘር ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ግማሽ ሰዓት አይናገሩም። መጀመሪያ ቀን አላስቻለኝም፤ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አዲስ ግመል ማለብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አጠገቧ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። አያያትም። እሷ ስትፈልግ ትመጣለች።»

«እኔ ዝምታ አይሆንልኝም፣ ዶክተር።»

«አውቃለሁ። የማክመው አንተን ነው።»

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታብኝ ከመንገዱ ማዶ ካለው የሐበሻ ጭማቂ ቤት አቮካዶ አስቀዳሁ። ከኢትዮጵያ በድንበሩ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል በጭነት መኪና የሚመጣው አቮካዶ ነው፤ ናዝሬት እንደምናውቀው ወፍራም፣ በማንኪያ የሚበላ። እንደታዘዝኩት ለአዘር ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩና ጋዜጣ ዘረጋሁ። ጥቂት ቆይቶ የሸሚዜን ኮሌታ አንድ ነገር ጎተተው። ቀስ ብዬ ዞርኩ። አንገቷን በሽቦው መሃል አሹልካ፣ ማንኪያውን ታየዋለች።

ዘረጋሁላት። በላች። ሁለተኛም ሦስተኛም በላች፤ መንቆሯ አረንጓዴ ሆነ፤ ምላሷ ማንኪያውን ሲነካው ብረቱ ውስጥ ተሰማኝ። ያለ ክርክር ከእጄ የተቀበለችኝ የመጀመሪያዋ ፍጡር ናት ብል አላጋነንኩም። ጋዜጣውን ያን ቀን አላነበብኩትም።

ማክሰኞ ጠዋት የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች። ላባዋን አንጨባርራ፣ ዓይኗን ከድና፣ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

በባጃጅ አቅፌያት ስደርስ ዶክተሩ አልቀለዱም። በእርጥብ ጥጥ መንቆሯን ጠረጉ፤ አረንጓዴ የነካውን ጥጥ ወደ ብርሃኑ ይዘው አዩት፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ትናንት ምን በላች?»

«እህሏን።»

«ሌላስ?»

«ወተቱን።»

«ከእጅህ የሰጠሃት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ሁለት ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ። አቮካዶ መርዝ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም። የማውቀው ትእዛዝ መጣሴን ብቻ ነው፤ ሁለት አርብቶ አደሮች ደግሞ በትራቸውን ተደግፈው አፌን ያዩ ነበር። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ የሚመልሰውን መለስኩ። ቃሉ ቀላል ነበር፣ እንደ ምንም ወጣ።

በሂንዳ ሚዛን ላይ ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ ገባች። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ነበረች። ሴቶቹ ዋጋ መጠየቃቸውን ተዉ።

እኩለ ቀን ላይ ቤቴ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። አቮካዶ በቀቀንን ይገድላል ይላል። በልቧ ዙሪያ ውሃ ይሞላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ። ተቃራኒ አስተያየት ፈለግኩ፤ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ተቃራኒ አስተያየት አለ ብዬ የማምን ሰው ነኝ። በዚህኛው የለም። ጫማዬን አደረግኩ። አወለቅኩት። ዶክተሩ ሕክምናውን ጀምረዋል፣ ብነግራቸው ምን ይለወጣል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ራሴን ማሳመን ከሌላው ሰው ይልቅ ይቀለኛል።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት መቶ አርባ አንድ።

ዶክተር ሙሴ ያን ቀን ሂንዳ ዘንድ የመጡት ዓይናቸው ቀልቶ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የድሮ የክፍል ጓደኛቸውን ሌሊቱን በስልክ አግኝተው ኖሯል። ሚዛኑን አዩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ወርቅ ሻጮቹ ሁሉ፣ ውጤቱን ሊያዩ የተከተሉን አርብቶ አደሮችም እየሰሙ፣ በሶማሊኛ ጮክ ብለው ተናገሩ። ለእኔ በአማርኛ ደገሙልኝ።

«ወተቱ ነው። ወፍ ወተት መፍጨት አትችልም። የማላውቀውን ሳልጠይቅ አዘዝኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አንዱ አርብቶ አደር «አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለን» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ሂንዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዶክተር፣ ወተት ነው ያልከው? የግመል ወተት?»

«የግመል ወተት።»

«ኧረ ሰው እንዳይሰማህ።»

«እንዲሰማኝ ነው የተናገርኩት» አሉ።

እኔ የሽቦ ቤቱን እጀታ ይዤ ቆሜ ነበር። ሰው አዎ ሲል እምቢ የሚለው አፌ ያን ጊዜ ተዘጋ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ግመል በሚመለክበት አገር፣ ስለ ግመል ወተት እንዲህ ብለው በአደባባይ ራሳቸውን ሲከስሱ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ደግሞ ዓረፍተ ነገር የማጣ ሰው አይደለሁም።

ተያይዘን ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስን። ተቅማጡ አድርቋታልና ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እሰጣታለሁ አሉ። ሲሪንጁን ሞሉት። ልቧ በውሃ እንደተከበበ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው ውሃ ሊጨምሩባት ነው። ጭኗ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉ። መርፌው ሲጠጋ አየሁት።

«ዶክተር» አልኩ።

«አቤት።»

«ውሃው… አይበዛባትም?»

እጃቸው ቆመ። ወፏን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት። ውጭ አንድ ሰው ስለ ፍየል ጥርስ ይጨቃጨቃል።

«ለምን ይበዛባታል?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው» አሉ።

ሲሪንጁን አስቀመጡት። የልብ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ደረቷ ላይ አሳረፉት፤ ደረቷን ሙሉ ይሸፍነዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ፈሳሹን ሳፋ ውስጥ ደፉት። ከመሳቢያው ጥቁር የከሰል ዱቄት አወጡ፤ በጥቂት ውሃ በጥብጠው ጠብታ ጠብታ መንቆሯ ውስጥ አደረጉላት። በጎች መርዛማ ቅጠል ሲበሉ ይህንኑ እንደሚሰጡ በኋላ ሰምቻለሁ።

«ይህ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እንዲያው» አሉኝ።

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። በሦስት መልክ የሚጠይቁት ሰው በአንድም አልጠየቁኝም።

አዘርን ቤቴ ወስደን በካርቶን ውስጥ፣ በጨለማና በሞቀ ቦታ አስቀመጥናት። ዶክተሩ ከየሶላቱ በኋላ ይመጣሉ፤ ለካርቶኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። የምንሰማው ትንፋሿን ነው፤ እርጥብ ወረቀት ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ። በቆመ ቁጥር ሁለታችንም ሻይ መጠጣት እናቆማለን። ሐሙስ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት። አርብ ወርቅ ገበያው ዝግ ነው። ሂንዳ ሚዛኗን በሻሽ ጠቅልላ ራሷ ቤቴ መጣች፤ ያ ሚዛን ከገበያው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት።

«አልወረደችም» አለች።

«አልወረደችም» አሉ ዶክተሩ።

ቅዳሜ ሦስት መቶ አርባ አንድ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንድ ገዢ ሠርግ መስሎት ዞረ። ዶክተር ሙሴ ግን «ዳነች» አላሉም። «እስከ ነገ እንይ» ብለው ሄዱ። ስለ አዘር እስከ መጨረሻው የሰጡት ውጤት ይኸው ነው፤ እስከ ነገ እንይ።

ወፏ ተረፈች። ዶክተሩ ግን «የወፍ ዶክተር» ሆኑ። ደጃፋቸው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች፣ «ዶክተር፣ ግልገሌ እናቱን ሊጠባ ነው፣ ልከልክለው?» ይሏቸዋል። «ክኒንህ ክንፍ ያበቅላል ወይ?» ይሏቸዋል። አንዳንዱ የግመል ወተት መርዝ ነው የሚል ሐኪም በጎቼን አይነካም ብሎ ቀረ። እሳቸው ለሁሉም የሚመልሱት ያንኑ ነው፣ ድምፃቸው ሳይወጣ ሳይወርድ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አብሬ እስቅ ነበር። ልብ በሉ፣ ዝም አላልኩም፤ ሳቅኩ። ያልሳቀ ሰው ይጠረጠራል ብዬ ይሆናል። አንድ ቀን «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ወቀሳ ቢሆን እከራከረው ነበር። ወዲያው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የመድኃኒት ጠርሙስ መደርደር ጀመሩ። ያን ጀርባ የት እንዳየሁት የገባኝ ግን አሁን፣ ከሞቱ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ሥራ ፈትተው ቆመው ነበር። ያቺ ወፍ እንኳ በአራት ሳምንት መጥታለች።

ረቡዕ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ወንዶች ልጆቻቸው ተቀበሉኝ፤ የሚባለውን ብዬ፣ የሚባለውን ሰምቼ ወጣሁ። ነጭ ጋዋናቸው ታጥቦ የግቢው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው።

ቅዳሜ አዘርን ይዤ ሂንዳ ዘንድ ሄድኩ። ማስመዘን ከተውን ዓመት አልፎናል። አንድም ነገር ሳትጠይቅ ሳህኑን በጨርቅ ሸፈነች።

«አራት መቶ ስድስት» አለች። «ማሻአላህ። ሙሴ ይህን ቢያይ እስከ ነገ እንይ ይል ነበር።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። አቮካዶውን፣ ማንኪያውን፣ «የለም» ያልኩትን፣ ሲሪንጁን። ሚዛኗን በጨርቁ ጫፍ እየወለወለች ሰማችኝ። ስጨርስም መወልወሏን አላቆመችም።

«ለማን ነው የምትነግረው?» አለችኝ።

«ለአንቺ።»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ? እሱ ያን ቀን የተናገረው ለእኔ ብቻ አልነበረም።» በአገጯ አሳየችኝ። በየጃንጥላው ሥር ያሉት ሴቶች ያኔ የነበሩት ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ሁለት አርብቶ አደሮች ሻይ ይጠጣሉ፤ አንዱን ከአግዳሚው ላይ አውቀዋለሁ። «ተነሥ።»

«ሶማሊኛዬ እኮ…»

«ለመሳቅ በቅቶህ ነበር» አለች።

ተነሣሁ። አዘር ከክንዴ ወደ ትከሻዬ ወጣች። ወፍ የያዘ ሰው ሲቆም ሰው ይሰበሰባል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ አልተሰበሰበም። በተሰባበረ ሶማሊኛ፣ ወተቱ እንዳልሆነ፣ መርዙን ያበላኋት እኔ እንደሆንኩ፣ ሲጠይቁኝ እንደዋሸሁ፣ ዶክተር ሙሴ የእኔን ጥፋት ተሸክመው እንደሞቱ ተናገርኩ። መሃሉ ላይ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

ከሦስት ሳጥን ወዲያ የተቀመጠች አሮጊት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ሂንዳ ዘንበል አለች። ምን አለ ማለቷ ነበር።

ሂንዳ ወደ እኔ ዞረች።

«ድገመው» አለችኝ። «አልተሰማም።»

ደገምኩት።